በመንግሥት ወጪ የተማረ ሳይንቲስት ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ፋብሪካ ቢገባ ጥፋት ነው?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ደመወዜ እየተከፈለኝ ነው። አሁን አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ለጥራት ቁጥጥር ክፍሉ ፈልጎኛል። ባልደረቦቼ «የሕዝብ ገንዘብ በልተህ ልትሄድ ነው» ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መምህር ከጎንደር፦ ወንድሜ፣ ባትሄድ ደስ ይለኛል። የምታማክራቸው የማስተርስ ተማሪዎች መሀል መንገድ ላይ ይቀራሉ። ደመወዙ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ እኔም የምኖረው በዚያው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ሪኤጀንት (የላብ ኬሚካል) ማዘዝ ራሱ ፈተና ሆኗል። ግን ነፃነቱን አስብ። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣ የሚያስተላልፈውን ብልሃርዝያን ለመከላከል የተደረገው ያ ሁሉ ምርምር የተነሳው ከዚያ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ጊዜ የሚሰጥ የትኛው ፋብሪካ ነው?

የላብ ሰው፦ መምህር፣ የእንዶዱን ታሪክ እስከ መጨረሻው ይንገሩን እንጂ። የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እኮ የውሃ ቱቦ የሚዘጋ ባለ ዛጎል እንስሳ ለማጥፋት በእንዶድ ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አውጥቷል። ግኝቱ የእኛ ነው፤ ወደ ምርት የሚያሻግረው ሰው ግን አገር ውስጥ አልነበረም።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ፋብሪካ የገባሁ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ጥሩ ውጤት ካገኘሁ አሳትሜ አልፍ ነበር። እዚህ ያው ዘዴ ዛሬም ነገም፣ በእኔም በሌላ ሰው እጅም፣ አንድ ዓይነት ውጤት ካልሰጠ ዋጋ የለውም። አንድ ዙር ኪኒን ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት በኤችፒኤልሲ (የመድኃኒቱን ይዘት ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) እንለካዋለን። ቁጥር ከተሳሳትክ አጥፍቶ መጻፍ የለም። በአንድ መስመር ትሰርዛለህ፣ ምክንያቱን ትጽፋለህ፣ ፈርመህ ቀን ታደርግበታለህ። ኪኒኑን የሚውጠው የሰው ልጅ ነውና እንዲህ መጠንቀቅ ለእኔ ሳይንስ ነው።

የቢሾፍቷ፦ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ሳይንስ የለም ያለው ማነው? የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ ጤፍን አወጣ። ማኛ ነጭ ነው፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ዱከም የሚባለው የጤፍ ዝርያ ብዙ ይሰጣል፣ ንጣቱ ግን ማኛን አያህልም። ሁለቱን አዳቅለው ነው ቁንጮን ያገኙት። የጤፍ አበባ ደግሞ በማጉያ ካልሆነ አይዳቀልም። ይህን የሠሩት ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩ ሰዎች አይደሉም።

መምህር ከጎንደር፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግን ያ የመንግሥት ማዕከል ነው። ዘሩ ገበሬው እጅ ገባ። የፋብሪካ ምስጢር ማን እጅ ይገባል?

የላብ ሰው፦ ይሄ እውነት ነው፤ እኔንም ያመኛል። የምሠራውን ማሳተም አልችልም። ግን ኢትዮጵያ አብዛኛውን መድኃኒት ከውጭ የምታስገባ አገር ናት። እዚሁ የተመረተውን አምነን እንድንውጥ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

ከቦስተን፦ እዚህ መልቀቅን እንደ ክህደት የሚያይ የለም። የፕሮፌሰርነቱ ቦታ ጥቂት ስለሆነ ብዙው ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ባዮቴክ ኩባንያ ይገባል። የእኛ ጭንቀት ቪዛው ነው። ዩኒቨርሲቲ ለሚቀጥረው ሰው የኤች ዋን ቢ (የአሜሪካ የሥራ ቪዛ) ዓመታዊ ኮታ አይመለከተውም። ኩባንያ ስትገባ ግን ለ85,000ው ቦታ ዕጣ ውስጥ ትገባለህ።

ዋስ የነበርኩት፦ ሁላችሁም ስለ ሳይንስ ታወራላችሁ። እኔ ለአንድ ዘመዴ የትምህርት ውል፣ ማለትም ተምሮ ሲጨርስ ለማገልገል ለገባው ውል፣ ዋስ ሆኜ ነበር። ውሉን ሳይጨርስ ሄደና ከደመወዜ ይቆረጥ ጀመር። የልጆቼ ትምህርት ቤት ክፍያ ነበር እኮ! ጠያቂው፣ ሂድ፣ አትሂድ አልልህም። የፈረመልህን ሰው ግን መጀመሪያ ቤቱ ሄደህ አነጋግረው። በስልክ አይሆንም።

ጠያቂው፦ ዋሴ አጎቴ ነው፤ ገና አልነገርኩትም። እሁድ እሄዳለሁ። ፋብሪካው በውሉ የቀረብኝን ገንዘብ እከፍላለሁ ብሏል።

መምህር ከጎንደር፦ ገንዘቡ ተከፈለ ማለት የሚያስተምር ሰው ተገኘ ማለት አይደለም። የጀመርካቸውን ተማሪዎች እስኪመረቁ በጋራ አማክር። በዓመት ጥቂት ተማሪዎች ፋብሪካው ላብ ውስጥ እንዲለማመዱ አስፈቅድ። ሁለቱንም ሳትፈርም በፊት ውሉ ላይ አስጽፋቸው። በቃል «ችግር የለውም» ካሉህ አትቀበል።

የላብ ሰው፦ በዚህስ ከመምህር ጋር ነኝ። እኔ በቃል ተቀብዬ እስካሁን አንድ ተማሪ አላስገባሁም።