በብርድ ልብስ ወደ ላይ ስለሚወረወረው ሰው፦ የአንድ አሮጌ ቅርጽ ሥዕል ጥያቄ

ጠያቂ፣ ከሀዋሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር እዚህ ሀዋሳ ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ በጥቁር ቀለም የታተመ ነጠላ ገጽ ገዛሁ። አንድ ወፍራም አጭር ሰው እጅና እግሩን ዘርግቶ አየር ላይ ይታያል፤ ከሥሩ ያሉት ሰዎች የብርድ ልብስ ጠርዝ ይዘው ይስቃሉ፤ ከአጥሩ በላይ ደግሞ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ከሲታ ሰው አንገቱን ብቅ አድርጎ ያያል። ሻጩ ከዶን ኪኾቴ ታሪክ የተወሰደ አስቂኝ ትዕይንት ነው ብሎኛል። እኔ ግን የተወርዋሪውን ፊት ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይጠፋል። ታሪኩ ምንድን ነው? ሥዕሉ በእንጨት ይሁን በመዳብ ተቀርጾ የታተመ መሆኑንስ በምን እለያለሁ?

መልስ፣ ከአዳማ፦
ወንድሜ፣ ትዕይንቱ ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ በ1605 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የዶን ኪኾቴ ልብ ወለድ የመጀመሪያ ክፍል ምዕራፍ 17 ላይ ይገኛል። ራሱን እንደ ተዘዋዋሪ ጀግና የሚቆጥረው ዶን ኪኾቴ፣ እንዲህ ያሉ ጀግኖች ለማደሪያ አይከፍሉም ብሎ ሳይከፍል ከእንግዳ ማረፊያው ይወጣል፤ አሽከሩ ሳንቾ ፓንዛም የጌታውን ቃል ይዞ አልከፍልም ሲል፣ ከሰጎቪያ የመጡ አራት ሱፍ አባዛቾችና ሌሎች እንግዶች ከአህያው አውርደው በብርድ ልብስ ወደ ሰማይ ያጎኑታል። ጌታው ጩኸቱን ሰምቶ ቢመለስም፣ በቀደመው ድብደባ አካሉ ስለዛለ ከፈረሱ መውረድ እንኳ አቅቶት ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ይሳደባል። ቁጣው ባይከለክለው ኖሮ እሱም በሳቀ ነበር ይላል ደራሲው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ጌታው ነገሩን በአስማት ሲያሳብብ፣ ሳንቾ የወረወሩት ሰዎች እንደ እርሱ ሥጋና አጥንት የነበራቸው፣ በስም የሚጠሩ መሆናቸውን ይነግረዋል። ስለዚህ ሳቅዎ መጥፋቱ ከመጽሐፉ አያርቅዎትም። የክፍያው እምቢታ የጌታው ነበር፤ ዕዳው ግን በአሽከሩ አካል ተከፈለ።

ሌላ መልስ፦
ስለ አሠራሩ ልጨምር። የመዳብ ቅርጽ ቀለሙን የሚይዘው በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ስለሆነና ወረቀቱ ረጥቦ በከባድ መጭመቂያ ሥር ስለሚያልፍ፣ ብዙውን ጊዜ በሥዕሉ ዙሪያ በጣት የሚዳሰስ የመዳቡ ሰሌዳ ጠርዝ አሻራ ይቀራል። የስፔን የቋንቋ አካዳሚ በ1780 ያሳተመው የዶን ኪኾቴ ዕትም ሥዕሎች በመዳብ የተሠሩ ናቸው። በእንጨት ላይ ግን ቀራጩ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ቦታ ፈልፍሎ ስለሚያወጣ ጥቁሩ መስመር ጎልቶ ይቆማል፤ ቁመቱም ከማተሚያ ፊደል ጋር እኩል ስለሚሆን ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ አብረው ሊታተሙ ይችላሉ። በ1863 ፓሪስ የታተሙት የፈረንሳዊው ሠዓሊ ጉስታቭ ዶሬ የዶን ኪኾቴ ሥዕሎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ሲሆን፣ እንጨቱን የቀረጸው ፒዛን ነው። የታች ማዕዘኖቹን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ፤ በዚያ ዘመን የሠዓሊው ስም በግራ፣ የቀራጩ በቀኝ መስፈሩ የተለመደ ነበር። የቀራጩን ስም ሳይመለከቱ አይለፉት፤ ያንን ሁሉ ቀጭን መስመር ያወጣው የእርሱ እጅ ነው።

ጠያቂ፣ ከሀዋሳ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በጣቴ ዳስሼ ምንም የጠርዝ አሻራ አላገኘሁም፤ ከሥዕሉ ግርጌም ሁለት መስመር ጽሑፍ አብሮ ታትሟል፤ ስለዚህ የእንጨት ቅርጽ ነው የሚለው ሐሳብ አሳምኖኛል። ማጉያ መነጽር ከጎረቤት ተውሼ ዛሬ ማታ ማዕዘኖቹን አያለሁ።