የድሮ ኮመዲኖና የሚነቃነቅ ወንበር፦ ልፋቀው፣ ልቀባው ወይስ እንዳለ ልተወው?

የጓዳ_እመቤት
ሰላም ለሁላችሁ። በእጄ ሁለት ዕቃ አለ። አንዱ ባለ ሦስት መሳቢያ ኮመዲኖ ነው። ጠቆር ያለ አንጸባራቂ ቅብ አለው፣ ላዩ ላይ ሁለት ነጭና አንድ ጥቁር የብርጭቆ ክብ ምልክት ይታያል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ስሱ የእንጨት ልባስ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ተላቆ ተነሥቷል። ሁለተኛው የእንጨት ወንበር ነው፤ እግሩ ይነቃነቃል፣ የመቀመጫው ስፖንጅም ሙሽሽ ብሏል።

እንደ አዲስ ማስመሰል አልፈልግም። ተገዝቶ የተደረደረ ብቻ የሞላበት ቤት ሰልችቶኝ ነው፤ እኔ የወሰንኩት፣ እጄ ያረፈበት ነገር ይኑርበት ብዬ ነው። ያለውን ቅብ ማዳን ይቻላል? ከየት ልጀምር? ቀለም ከቀባሁስ ከክፍሉ ጋር እንዴት ላስማማው? «ዝም ብለሽ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጊው» የሚለኝ ሰው በዝቷል።

መሮና_ኮላ
«ፈትጊው» ያሉሽን አትስሚ፤ ቢያንስ ለአሁኑ። ዕቃው ቬኒር (ያልሽው ስሱ የእንጨት ልባስ) አለው ማለት ነው፤ የዘመኑ ቬኒር ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በማሽን ትንሽ ሲታሽ መጀመሪያ የሚያልቀው ጠርዙ ነው። ከሥሩ ያለው ርካሽ እንጨት ብቅ ካለ ደግሞ ድፍን ቀለም ከመቀባት ሌላ መሸሸጊያ የለውም።

መጀመሪያ እጠቢው። ለብ ባለ ውሃ ጥቂት የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርጊ፣ ጨርቁን ጥብቅ አድርገሽ ጨምቀሽ ጥረጊ፣ ወዲያው አድርቂ። ቀጥሎ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በረጠበ ጨርቅ የቆየውን ሰምና ቅባት አንሺ። ቅቡ አለቀለት የተባለ ዕቃ ቆሻሻው ሲነሣ ደህና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከዚህ በፊት የሚሰጥ ውሳኔ ሁሉ ግምት ነው።

ከዚያ ቅቡ ምን እንደሆነ ለዪ። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ንጹህ አልኮል የነካ ጥጥ ለአንድ ደቂቃ አሳርፊበት። ከለሰለሰና ከተጣበቀ ሸላክ (ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራ ቅብ) ነው። ካልነካው በላከር ቲነር ድገሚ፤ በዚህ ከሟሟ ላከር ነው። ሁለቱንም ከተቋቋመ የዘይት ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፕላስቲክ መሰል ቅብ ነው። ይህ የሚጠቅምሽ ሸላክና ላከር ከሆኑ አዲሱ ድርብ የድሮውን አሟሙቶ ስለሚዋሃደው መፋቅ ላያስፈልግ ስለሚችል ነው። ፖሊዩሬቴን ግን አይዋሃድም፤ ገጹ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ካልሻከረ አዲሱ ቅብ እንደ ላስቲክ ይላጣል።

ወንበሩን በተመለከተ፣ ከውጭ ኮላ አታንጠባጥቢበት። ኮላው መገጣጠሚያው ውስጥ አይደርስም፣ ቀጥሎ ለሚጠግነው ሰው ግን እንቅፋት ይሆናል። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በወረቀት ፕላስተር ላይ ቁጥር ጽፈሽ ለዪ፣ በላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለሽ ፍቺ። የድሮው ኮላ ከእንስሳት ቆዳ የተሠራ ከሆነ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል። ነጭ የእንጨት ኮላ ከሆነ በመሮ እየፋቅሽ እንጨቱ እስኪታይ አጽጂው፤ አዲስ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ አይዝም። ስትፍቂ ግን ምላሱን (ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ) አታሳንሺው። ጉድጓዱ ከሰፋበት ስስ የእንጨት ልጣጭ በኮላ ለብጠሽ አወፍሪው። መጀመሪያ ያለ ኮላ ገጣጥመሽ ሞክሪ። ኮላ ቀብተሽ በሞርሴቶ (አጥብቆ መያዣ) ስታስሪ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ ለኪ፤ እኩል ካልሆኑ ወንበሩ ተጣሟል፣ ኮላው ሳይደርቅ አስተካክይ። ሞርሴቶው 1 ሰዓት ይቆይ፤ ሰው የሚቀመጥበት ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ነው።

ብሩሽ_ያዥ
ድፍን ቀለም ካሰብሽ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀይ ወይም ቡናማ እንጨት ላይ ነጭ ከተቀባ በነጋታው ቢጫ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ሰርጎ ይወጣል፤ የእንጨቱ ታኒን (በእንጨቱ ውስጥ ያለ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር) እና የድሮው ማቅለሚያ ነው። ስንት ጊዜ ብትደርቢ መውጣቱን አይተውም። የሚያቆመው በሸላክ የተሠራ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ነው፣ በውሃ የሚቀጥነው ብዙ ጊዜ አያግደውም። ከፕራይመሩ በኋላ ሁለት ስስ ድርብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

የመሳቢያውን ጎንና መንሸራተቻውን አትቀቢ። ክፍተቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቀለሙ ይሞላዋል፣ መሳቢያው እየቀረቀረ ያስቸግርሻል። እዚያ ቦታ ሻማ ማሸት ይበቃዋል።

የጓዳ_እመቤት
አመሰግናለሁ። ኮመዲኖውን አጥቤ ፈተንኩት፤ በአልኮል ተጣበቀ፣ ሸላክ ነው። ክብ ምልክቶቹስ? የተነሣው ልባስስ?

መሮና_ኮላ
እንኳን አልፈተግሽው። ነጩ ክብ ቅቡ ውስጥ የታፈነ እርጥበት ነው። ጨርቅ በአልኮል እርጥብ ሳይሆን ነካ ብቻ አድርጊና ሳትጫኚ ፈጠን ብለሽ አሳልፊበት፣ ቆሞ አይቆይ። ጥቁሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ውሃው እንጨቱ ዘንድ ደርሶ ብረት ከታኒን ጋር ተዋህዷል፤ በላዩ ላይ ብትቀቢ እዚያው ነው። የላይኛውን ገጽ ቅብ ብቻ በአልኮል አላቅቀሽ ኦክሳሊክ አሲድ (እንጨት ማንጫ ዱቄት) ያስፈልጋል፦ ሙቅ ውሃ ውስጥ መሟሟቱን እስኪያቆም ጨምሪና በቦታው ብቻ ሳይሆን በሙሉ ገጹ ላይ ቀቢ፣ አለዚያ በጥቁሩ ክብ ፋንታ ነጣ ያለ ክብ ይቀራል። ሲደርቅ በንጹህ ውሃ ደጋግመሽ አጥቢ። ሳይታጠብ አትፈትጊ፤ ብናኙ መርዝ ነው፣ ጓንት፣ መነጽርና ማስክ አድርጊ። ውሃ የበዛበት ሥራ ስለሆነ የተነሣውን ጠርዝ መጀመሪያ አጣብቂ። በእኔ አስተያየት ግን ጥቁሩ ክብ ትንሽ ከሆነ ተይው። እንደ አዲስ አልፈልግም ብለሽ የለ?

ለተነሣው ልባስ ከሥሩ ያለውን አቧራ በስስ ቢላ አውጪ፣ ነጭ ኮላ በስሪንጅ አስገቢ፣ በላዩ ላስቲክ አንጥፈሽ በቀጥ ያለ ጣውላ ጫኚና በሞርሴቶ እሰሪ፤ እስከ ነገ አትንኪው። የተረፈውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፤ የቀረ ኮላ በኋላ ነጣ ያለ ምልክት ሆኖ ይታያል።

ለማደሻው 25 ግራም የሸላክ ቅርፊት በ200 ሚሊ ሊትር አልኮል ይደርና በጨርቅ ይጠለል። ጥጥ በማይበሳሳ ጨርቅ ጠቅልለሽ በዚያ ረዘም ባለ እንቅስቃሴ ቀቢ። ጨርቁ ገጹ ላይ ካቆምሽው ይጣበቅና ቅቡን ይነቅለዋል። መጎተት ሲጀምር አቁሚ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ቀጥይ። ዝናባማ ቀን ላይ አትሥሪ፤ እርጥበት ቅቡን ያደበዝዘዋል፣ ነጭ ደመና ይመስላል። የቆየ ድብልቅ ካለሽ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ አሳድሪ፣ ጠዋት ካልጠነከረ ድፊው። ሸላክ ደግሞ ትኩስ ሲኒና የአልኮል መጠጥ አይችልም፤ ይህን አውቀሽ ግቢበት።

ክፍልና_ብርሃን
ስለ ቀለሙ፦ የቀለም ካርድ ላይ አትወስኚ። ኤ4 የሚያህል ሰሌዳ በሁለት ድርብ ቀብተሽ ዕቃው በሚቆምበት ቦታ አቁሚው። የኮመዲኖው ፊት ቀጥ ያለ ስለሆነ ሰሌዳውም ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ተኝቶ ያየሽው ቀለም ሲቆም ይጠቁራል። ጠዋትና ማታ እዪው። አምፖሉ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ይህ ቢጫማ ነው) ከሆነ ሰማያዊና ግራጫ ወደ ቢጫ ይሳባሉ፤ 4000 ላይ ደግሞ ያው ቀለም ቀዝቃዛ ይሆናል።

ሌላው፣ ክፍሉን በስልክ ጥቁርና ነጭ አድርገሽ ፎቶ አንሺ። ዕቃው ከግድግዳው ተለይቶ ካልታየ ችግሩ የቀለሙ ዓይነት አይደለም፣ የጨለማና የብርሃን ልዩነቱ ነው።

በአንድ ዕቃ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ውጩን በእንጨትነቱ ካቆየሽ የመሳቢያውን ውስጥ ታች በደማቅ ቀለም ማልበስ ይቻላል፤ ወይም እጀታውን ብቻ። ሁሉንም በአንድ ላይ ስትነኪ ውሳኔሽ የቱ እንደሆነ አይለይም። እጀታ ስትገዢ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ከመሃል መሃል ለኪ፤ 96ና 128 ሚሊ ሜትር በብዛት የሚገኙት ናቸው። ካልገጠመ የድሮውን ቀዳዳ በክብ የእንጨት ዘንግና በኮላ ድፈኚ፣ አዲስ ቀዳዳ ከጎኑ የሚመጣ ከሆነ ስቱኮ ቪቴ አይይዝም።

ጨርቅና_ክር
መቀመጫውን ማንም አልነካውም፣ ባጭሩ እኔ ልጨምር። ከሥር ያሉትን ቪቴዎች ፍቺና የድሮውን ጨርቅ ሙሉ በሙሉ አንሺ። ጨርቅ በጨርቅ ላይ የሚደርብ ሰው መቀመጫው ፍሬሙ ውስጥ አልገባ ሲለው ይቸገራል፤ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው። ስፖንጁ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ክብደቱ በሜትር ኩብ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ይሁን፤ ቀላሉ በአጭር ጊዜ ይሟሽሻል። ጨርቁን በየጎኑ 8 ሳንቲ ሜትር አስተርፈሽ ቁረጪ። ስቴፕለር ስትመቺ የፊቱን መሃል፣ የኋላውን መሃል፣ ከዚያ የጎኖቹን መሃል፣ ማዕዘን መጨረሻ። ከማዕዘን ከጀመርሽ ጨርቁ ይጣመማል፤ መስመር ያለው ጨርቅ ከሆነ ወዲያው ያስታውቃል። ከወለል እስከ መቀመጫው ላይ ከ43 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለተለመደ ጠረጴዛ ይመቻል።

ብሩሽ_ያዥ
ሁለት ነገር ለደኅንነት። ከሸላክ ሌላ በዘይት የሚሠራ ቅብ ከተጠቀምሽ፣ በተለይ የተልባ ዘይት፣ የተጠቀምሽበትን ጨርቅ ጨብጠሽ ቅርጫት ውስጥ አትጣይ። ሲደርቅ ራሱ ይሞቅና ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ደጅ ዘርግተሽ አድርቂ ወይም ውሃ ውስጥ ነክረሽ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጪ። ዕቃው የቆየ ድፍን ቀለም ካለው ደግሞ ሊድ (መርዛማ እርሳስ ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈትጊ፤ በመመርመሪያ ፈትኚው፣ ልጆችንም ከቦታው አርቂ።