በዳገታማ ገጠርና በጥንታዊ ከተሞች በኩል ዕቃ ጭኖ ለሚደረግ የብስክሌት ጉዞ ምክር እንሻለን

ጥያቄ (ከመንገደኛው)

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አባላት። እኔና ባለቤቴ በመጪው የእረፍት ጊዜያችን ዕቃችንን በብስክሌት ጭነን፣ ኮረብታ የበዛበት ገጠር እያቋረጥን፣ ማታ ማታ በየጥንታዊ ከተማው ለማደር አስበናል። ሁለታችንም በሜዳ ላይ በቀን 80 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር እንነዳለን፤ ዕቃ ጭነን ዳገት ወጥተን ግን አናውቅም። ብስክሌቶቻችን ከፊት ባለ 50 እና ባለ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ደግሞ ከ11 እስከ 28 ጥርስ ያላቸው ማርሾች አሏቸው። እኔ 70 ኪሎ እመዝናለሁ፤ ብስክሌቴ 12 ኪሎ፣ የምጭነው ዕቃ ደግሞ 18 ኪሎ ያህል ይሆናል። ማርሹን ወደ ቀላል ልቀይር ስል አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የደካማ ሰው ነው፤ ይልቅ እግርህን አጠንክር» ብለው መለሱኝ። በእርግጥ መቀየር ያስፈልጋል? በቀንስ ስንት ኪሎ ሜትር ብናቅድ ይሻላል? በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን እንዴት መያዝ ይገባል? ጠባብና ድንጋይ ንጣፍ የሆኑ የጥንት መንገዶች ላይስ ምን እንጠንቀቅ? ልምዱ ያላችሁ ብታካፍሉን እጅግ እናመሰግናለን።

መልስ (ከጠጋኙ)

ማርሹን ይቀይሩ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎት። አሁን ባለዎት የመጨረሻ ቀላል ማርሽ፣ ማለትም ከፊት 34 ከኋላ 28 ላይ ሲሆኑ፣ ፔዳሉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር የኋላው ጎማ 1.2 ዙር ገደማ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ዙር ቢያዞሩ በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ይህ በሜዳ ላይ ምንም አይደለም። 8 በመቶ በሆነ፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ግን እርስዎ፣ ብስክሌቱና ዕቃው ተደምሮ የሚሆነውን 100 ኪሎ በዚህ ፍጥነት ለማውጣት 215 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። ለውድድር የማይለማመድ ጤነኛ ሰው ለሰዓታት ሊዘልቅበት የሚችለው ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ዋት ነው። ስለዚህ ወይ ፔዳሉን በግድ እየረገጡ ጫናውን ሁሉ በጉልበት አንጓዎ ላይ ያሳርፋሉ፣ ወይ ወርደው ይገፋሉ።

የኋላውን ማርሽ ከ11 እስከ 34 ጥርስ ባለው ቢተኩት፣ በዚያው ዳገትና በዚያው የፔዳል ዙር የሚፈለገው ጉልበት ወደ 177 ዋት ይወርዳል። ከፊት ያለውንም በ46 እና 30 ጥርስ ከለወጡት 155 ዋት አካባቢ ይደርሳል፤ ለእርስዎ ጭነት እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ፍጥነትዎ በሰዓት ወደ 7 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ብስክሌቱ ሳይንገዳገድ፣ እስትንፋስዎም ሳይቆራረጥ ከላይ ይደርሳሉ።

አንድ ነገር ሳይረሳ፦ እያንዳንዱ የኋላ ማርሽ ቀያሪ ሊሸከም የሚችለው ትልቁ የጥርስ ብዛት የተወሰነ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ያለዎት ቀያሪ 34 ጥርስ መቀበሉን ያረጋግጡ። ማርሹ ሲያድግ ካቴናውም መርዘም አለበት። አዲሱ ሲገጠም ብስክሌቱን ከመሬት አንሥተው፣ ፔዳሉን በእጅዎ ቀስ እያዞሩ ካቴናውን ከፊትም ከኋላም ትልቁ ማርሽ ላይ ያድርጉት። የቀያሪው ክንድ ወደ ፊት ተጎትቶ ቀጥ ካለና ካቴናው እንደ ክር ከተወጠረ አጭር ነው፤ በዚያ ሁኔታ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ በስሕተት ቢቀይሩ ቀያሪው ይሰበራል።

ስለ ጓደኞችዎ አባባል ደግሞ ይህን ልጨምር። በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ካቴናን ከማርሽ ማርሽ የሚያዘዋውረው መሣሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነበር። ረጅም መንገድ የሚጓዙ ብስክሌተኞች ግን ከዚያ አስቀድመው ለብዙ ዓመታት ሲገለገሉበት ኖረዋል። በቬሎሲዮ የብዕር ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊው ፖል ደ ቪቪ (1853–1930) ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተው ማርሽ መለዋወጥ ለተጓዥ አስፈላጊ ነው ብሎ ነበር። ቀላል ማርሽ የአቅመ ቢስ ሰው ምልክት ነው የሚለው ሐሳብ የመጣው ከውድድር ዓለም እንጂ ከመንገደኞች አይደለም።

መልስ (ከካርታ ወዳጁ)

ጠጋኙ በተናገሩት እስማማለሁ። እኔ ስለ ቀን ዕቅዱ ልናገር፤ ብዙ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

በኮረብታማ አገር ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። መታየት ያለበት በቀኑ ውስጥ የሚወጡት ጠቅላላ ከፍታ ነው። ሁለት ከተሞች እኩል ከፍታ ላይ ሆነው፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ ሸለቆ እየወረደ እየወጣ 1000 ሜትር ሊያስወጣዎት ይችላል። በድምሩ 100 ኪሎ የሆነ ጭነት 1000 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ በ130 ዋት ቢነዱ፣ ለከፍታው ብቻ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቁልቁለቱ ከዚህ ጊዜ የሚመልስልዎት ጥቂቱን ነው። እኔ የምጠቀምበት ስሌት ቀላል ነው፦ ርቀቱን በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር አስልቼ፣ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት 11 ደቂቃ እጨምራለሁ። 60 ኪሎ ሜትር ከ1000 ሜትር ዳገት ጋር በዚህ ስሌት ከ5 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ምሳና ማየት የሚፈልጉትን ሲጨምሩበት ቀኑ ሞላ። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ45 እስከ 50 ኪሎ ሜትርና ከ700 ሜትር ያልበለጠ ዳገት ያቅዱ።

አማካይ ቁጥርም ያታልላል። «አማካዩ 4 በመቶ» የተባለ ዳገት በውስጡ 12 በመቶ የሆነ ቁራጭ ሊደብቅ ይችላል፤ ስለዚህ የመንገዱን የከፍታ ሥዕል ቁራጭ በቁራጭ ይመልከቱ። ጥንታዊ ከተሞች ብዙ ጊዜ ለመከላከያ ሲባል ኮረብታ ጫፍ ላይ ስለተቆረቆሩ፣ የቀኑ እጅግ ከባዱ ዳገት የሚመጣው እግር በደከመበት በመጨረሻው ሰዓት ነው። ወደ ከተማው የሚያስገቡ መንገዶች ከአንድ በላይ ከሆኑ፣ ጥንት ለእግረኛና ለጭነት እንስሳት የተቀየሰው ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ለተሽከርካሪ የተሠራው ግን እየተጠማዘዘ የሚወጣ ነውና ረዘም ያለውን ይምረጡ። በአካባቢው ባቡር የተቋረጠበትና ወደ ብስክሌት መንገድ የተለወጠ የሐዲድ መስመር ካለ ደግሞ አይለፉት፤ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ እንዲህ ያለ መስመር በአብዛኛው ከ3 በመቶ አይበልጥም።

ክብደት መቀነስን በተመለከተ፣ ዋጋው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። አንድ ኪሎ ከሻንጣው ቢያወጡ በ1000 ሜትር ዳገት ላይ የሚያተርፉት አንድ ደቂቃ ከሩብ ያህል ብቻ ነው። የማያስፈልግ ዕቃ አይጫኑ፤ ነገር ግን የዝናብ ልብስና መለዋወጫ ካላማዳሪ ለክብደት ሲባል ቤት አይቀሩም።

መልስ (ከአንዲት ተጓዥ)

ስለ ቁልቁለቱ እኔ ልመልስ። ከባድ ጭነት ይዞ መውረድ ከመውጣት ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍሬንን ከላይ እስከ ታች ሳይለቁ እያሻሹ መውረድ ሙቀት ያጠራቅማል፤ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቸርኬው ግሎ ካላማዳሪውን እስከማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። መንገዱ ቀጥ ብሎ በሚታይበት ቦታ ለቀቅ ያድርጉ፤ ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ እንዳለ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች ጠንከር አድርገው ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ ከዚያ ለቀው ይታጠፉ። ብዙውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ ሆኖም መሬቱ እርጥብ ከሆነ ወይም አሸዋ ከፈሰሰበት በፊቱ ፍሬን ላይ እጅዎን ያቅልሉ። ረጅም ቁልቁለት ላይ መሐል ላይ ቆመው ማቀዝቀዝ አያሳፍርም። ዲስክ ፍሬን ከሆነ በዚያን ጊዜ ዲስኩን በጣትዎ አይንኩት፤ ያቃጥላል። ባለቤትዎ ከኋላዎ የሚነዱ ከሆነም ተራርቃችሁ ውረዱ።

መልስ (ከሌላ አባል)

በድንጋይ ንጣፍ ላይ ጎማው ሰፊ ቢሆን ይመረጣል። ፍሬሙ የሚያስገባ ከሆነ 35 ሚሊ ሜትር ጎማ ያድርጉ፤ ነፋሱም ከጠባብ ጎማ ያነሰ ይሁን። ለዘመናት ሲረገጥ የኖረ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ በዚያ ላይ ፍሬን በመያዝ ከመታጠፍ ወርዶ መግፋት ይሻላል። ንዝረቱ ብሎን ስለሚያላላ፣ ማታ ማታ የዕቃ መጫኛውን ብሎኖች በመፍቻ ጠበቅ ጠበቅ ማድረግ ይገባል። በአሮጌ ከተሞች ብዙ ማደሪያዎች ደረጃቸው ጠባብ ስለሆነ፣ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ብስክሌት የሚቆለፍበት ምድር ቤት መኖሩን ጠይቁ።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። የሁለታችንንም ብስክሌት ማርሽ ከፊትም ከኋላም ልናስቀይር ወስነናል፤ የመጀመሪያውን ቀንም ከ72 ወደ 46 ኪሎ ሜትር ቀንሰነዋል። አንድ ጥያቄ ቀረን፦ ባለቤቴ ከእኔ ዳገት ላይ ትዘገያለች። 18 ኪሎውን ዕቃዬን ይዤ የእርሷንም ልውሰድ ወይስ እኩል እንካፈል?

መልስ (ከጠጋኙ)

ከእርሷ ላይ የተወሰነ ይውሰዱ፤ ሁሉን ግን አይውሰዱ። አንድ ብስክሌት ከመጠን በላይ ሲጫን የኋላ ጎማው፣ ቸርኬውና ፍሬኑ ይጎዳሉ፤ ቁልቁለት ላይም ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ከባዱን፣ ማለትም መሣሪያውንና መለዋወጫውን እርስዎ ይያዙ፤ ልብስና ቀላል ነገር ለእርሷ ይሁን። ከመነሳታችሁ በፊት ሙሉውን ዕቃ ጭናችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ዳገት ላይ አንድ ቀን ውጡ፤ እርሷ ወደ ኋላ የምትቀረው በክብደቱ ይሁን በማርሹ ያን ጊዜ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ዳገት ላይ ደግሞ ፍጥነቱን የምትወስነው እርሷ እንድትሆን ከፊት ትቅደም።