ጋሊሊዮ «በአንድ ቀን» ያፈረሰው ምንድን ነው?

አባ ጠያቂ፦ ኧረ በዛ! ዛሬም አንዱ «ጋሊሊዮ ከፒሳ ግንብ ከባድና ቀላል ኳስ ጥሎ፣ ‹ከባድ ነገር ከቀላሉ ፈጥኖ ይወድቃል› ያለውን አርስቶትልን በአንድ ቀን አፈረሰው» ብሎ ለጥፎ ስንቱ አጨበጨበለት። የቱ ቀን? ጋሊሊዮ ራሱ እንዲህ አደረግሁ ብሎ አልጻፈም። ወሬው የተማሪው የቪቪያኒ ነው፤ ያውም መምህሩ በሞተ በ12 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1654 የተጻፈ።

ሚዛን፦ አንተ ደግሞ ሰው ደስ ሲለው አይሆንልህም። ቪቪያኒ እኮ ሽማግሌው ዓይኑ ከጠፋ በኋላ አብሮት የኖረ ልጅ ነው። ከአፉ ሰምቶ ቢሆንስ?

አባ ጠያቂ፦ «ቢሆንስ» ማስረጃ ሆነ?

ሰማያዊ ብዕር፦ ጣለም አልጣለም ቀዳሚው እሱ አይደለም። የፍላንደርሱ የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን አንዱ የሌላውን 10 እጥፍ የሚመዝን ሁለት የእርሳስ ኳስ ከ30 ጫማ ከፍታ ጥሎ ውጤቱን በ1586 አሳትሟል። በ6ኛው ክፍለ ዘመንም የእስክንድርያው ፈላስፋ ፊሎፖኖስ ከባድና ቀላል ነገር ሲወድቁ የጊዜ ልዩነታቸው ኢምንት ነው ብሎ ጽፏል። «በአንድ ቀን» ከምትሉ በአንድ ሺህ ዓመት በሉት።

ሚዛን፦ እሺ ጠበቃ! ስቴቪንህ ከጣለ በኋላ ምን አደረገ? ጋሊሊዮ ኳስ በተዳፋት እያንከባለለ፣ ጊዜውን በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ እየመዘነ፣ ርቀቱ በጊዜው ካሬ ልክ እንደሚያድግ አሳየ። በ1638 መጽሐፉ ላይ አለልህ።

አባ ጠያቂ፦ ታዲያ ያንን አውሩልና! ተዳፋቱን ረስታችሁ ግንብ ለግንብ የምትዞሩት ለምንድን ነው?

ሚዛን፦ ግንቡ ስለሚያምር። በተዳፋት ከእንቅልፉ የነቃ ተማሪ አሳየኝ።

ላባ፦ የኒውተን ፖምስ? እሱም ውሸት ነው?

ሰማያዊ ብዕር፦ ፖም ሲወድቅ ማየቱን ኒውተን ራሱ በስተርጅና ለወዳጁ ለስቱክሊ አጫውቶታል። ጭንቅላቱን መታው የሚል ግን እዚያ የለም። ርዕስ አታስቀይሪ ባክሽ። ይልቅ ጋሊሊዮ ፒሳ እያስተማረ በጻፈው ረቂቅ ላይ የተለያየ ቁስ በተለያየ ፍጥነት ይወድቃል ይል ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ ያፈረሰው ማንን ነው፣ ራሱን?

ሚዛን፦ አንብበህ ተከራከር! ቪቪያኒ ያወራው ክብደታቸው ስለሚለያይ፣ ቁሳቸው ግን አንድ ስለሆነ ነገሮች ነው። ከረቂቁ ጋር በምን ተጋጨ?

ሰማያዊ ብዕር፦ አልተጋጨም ማለት ተደርጓል ማለት ነው? ጉድ እኮ ነው!

ላባ፦ ሁላችሁም ዝም በሉ፤ በ1971 አፖሎ 15 ላይ የነበረው ጠፈርተኛ ስኮት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ ጥሎ እኩል ሲያርፉ በካሜራ ታይቷል። አለቀ።

አባ ጠያቂ፦ ጨረቃ ላይ አየር የለም፣ ፒሳ አለ። ምን አገናኘው?

ላባ፦ አሃ፣ አሁን ደግሞ አየሩ ጥፋተኛ ሆነ!