ኬናንን ከየት ልጀምረው? (ከዌቪን ፍላግ ውጪ)

የቀጨኔው፦
ሰላም ቤቶች፣ ስለ ሶማሌው ራፐር ስለ ኬናን ነው። እንደ ሁላችሁም እኔም የማውቀው ዌቪን ፍላግን ነው፣ በፈረንጅ 2010 የዓለም ዋንጫ ጊዜ በየካፌው በየታክሲው እስኪሰለቸን የሰማነውን። ሰሞኑን ጓደኛዬ ጋ ሌላ ዘፈኑን ሰማሁና ይሄ ሰውዬ እንዲህ ነበር እንዴ አልኩ። ዩቲዩብ ላይ ስፈልገው ሁሉም ተደበላልቆ ነው የሚመጣልኝ። እኔ ግጥም የምሰማ ሰው ነኝ፣ የመኪናና የብር ራፕ ሰልችቶኛል። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው ግን በጣም ሲፈጥኑ ያመልጠኛል። የቱን አልበም ላስቀድም?

ሸክላ_ወዳድ፦
ዘ ደስቲ ፉት ፊሎሶፈር፣ 2005። ሌላ ምንም አትንካ። መክፈቻው ዋሽ ኢት ዳውን ላይ ምቱ የውሃ ድምፅ ነው፣ ውሃ በእጅ ሲመታ ሲንቦጫረቅ፣ እሱ ላይ ነው የሚያወርደው፣ በሄድፎን ስማውና ትመጣለህ። ከዛ ዋትስ ሃርድኮር። ጋንግስተር ነን የሚሉትን የአሜሪካ ልጆች እናንተ ምን አይታችሁ ነው፣ የኛን ሰፈር ብታዩት ምን ልትሉ ነው ይላቸዋል፣ ደሞ ያምርበታል ምክንያቱም ልጁ በ1991 ሞቃዲሾ ስትፈርስ ነው ከእናቱ ጋር የወጣው፣ መጀመሪያ ሃርለም ከዛ ቶሮንቶ ሬክስዴል። አባቱ ቀድሞ ኒውዮርክ ሄዶ ታክሲ እየነዳ የራፕ ሙዚቃ ይልክለት ስለነበር እንግሊዝኛ ሳይችል ራፐሩን ራኪምን በድምፁ ብቻ ሸምድዶት ነበር።

የድሬ_ልጅ፦
አቦ ሶባህን ረሳኸው እንዴ! እዛው አልበም ላይ ነው። ኮረሱ ሶማልኛ ነው፣ የጦር አበጋዞቹን ህዝቡን አሰቃያችሁት በቃ ውጡልን ነው የሚላቸው። እኛ ሰፈር እንግሊዝኛው ያልገባው ልጅ ሁሉ ኮረሱ ሲደርስ አብሮ ይጮህ ነበር። ግጥሙ ደሞ ከሜዳ አልመጣለትም፣ አያቱ ገጣሚ ናቸው፣ አክስቱ ዘፋኟ ማጎል ናት፣ ማጎልን የማያውቅ ሶማሌ የለም። ሶማሌ ጋ ገጣሚ ማለት አዝማሪ ብቻ አይደለም፣ ጎሳና ጎሳ የሚያጣላውም የሚያስታርቀውም እሱ ነው፣ ይሄን ይዘህ ስትሰማው ሌላ ሰው ነው የሚሆንብህ።

ሜሪ_ቶሮንቶ፦
ልጁ ሲፈጥኑ ያመልጠኛል እያላችሁ እናንተ ከባዱን ትሰጡታላችሁ 😂 እኔ ትሩባዱር ነው የምለው፣ 2009። ቴክ ኤ ሚኒት ረጋ ያለ ነው፣ ቃል በቃል ትከተለዋለህ፣ ፋጢማ ደሞ በልጅነቱ ስለሚወዳት ስለተገደለች ልጅ ነው፣ ዜማው ስለሚያስጨፍር መጀመሪያ አታስተውለውም። የዌቪን ፍላግ ኦሪጅናሉም እዛ ነው ያለው። ኳስ የሚባል ነገር የለበትም፣ ስለ ጦርነትና ስለሚበሉት መታገል ነው፣ ለኮካ ኮላ ሲሰሩት ነው እሱን አውጥተው ጭፈራ ያደረጉት። ሁለቱን አከታትለህ ስማቸው። አልበሙ ውስጥ ከኛ የድሮ ሸክላዎች ተቆርጦ የገባ ሙዚቃም (ሳምፕል) አለ፣ ጆሮህ ይለየዋል።

ሸክላ_ወዳድ፦
ሜሪ ትሩባዱርን አልጠላሁም፣ ግን ከማሩን ፋይቩ አዳም ሌቪን ጋር የሰራትን ባንግ ባንግን ይዝለላት በናትሽ። የ2012ቱን አልበም ደሞ መጨረሻ ላይ ካልሆነ አይሞክረው። እሱ ራሱ በዛው ዓመት ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ጽፎታል እኮ፣ የአሜሪካ ሬዲዮ እንዲያጫውተው ብሎ ግጥሙን እንዳለዘበና እንደከፋው። ከመጀመሪያው አልበም በኋላ ስትሰማው የሚያወራው ወዲያው ይገባሃል፣ ቀድመህ ከሰማኸው ግን ተራ ፖፕ ብለህ ነው የምትዘጋው።

የቀጨኔው፦
ተባረኩ። ዋትስ ሃርድኮርን ሰማሁት፣ ሁለቴ ደገምኩት፣ ሜሪ ግጥሙን ከፍቼ እያነበብኩ ስለሆነ አታስቢ። ሶባህ ቀጥሎ ነው። ከአልበሞቹ ውጪስ የሰራው ነገር አለ?

የድሬ_ልጅ፦
አለ፣ የራፐሩ ናስና የሬጌው ዴሚያን ማርሊ አልበም ዲስታንት ሪለቲቭስ፣ 2010። ትራይብስ አት ዋር እና አፍሪካ መስት ዌክ አፕ ላይ አለበት። ደሞ መክፈቻውን አዝ ዊ ኢንተርን እንዳትዘል፣ እሱ የለበትም ግን ቢቱ የሙላቱ አስታጥቄ የግሌ ትዝታ ነው።