የቲማቲም ችግኜ ተመዘዘ፣ ቅጠሉ ግን አልሰፋም። ሆርሞን ልርጭበት?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ያፈላሁት ቲማቲም ግንዱ ቀጥኖ ተመዘዘ፣ ቅጠሉ ትናንሽና ገርጣ ያለ ነው። አንድ ሻጭ ጅብሬሊን የሚባል የዕፅዋት ሆርሞን እርጭበት አለኝ። ይጠቅማል?

የጓሮ ሰው፦ ኧረ በፍጹም! ጅብሬሊን ግንድ ያስረዝማል፣ ያንተ ችግር ደግሞ መርዘሙ ነው። ችግኝ ብርሃን ሲያጥረው እነ ጅብሬሊን፣ ኦክሲንና ብራሲኖስቴሮይድ የሚባሉት የዕፅዋት ሆርሞኖች ግንዱን ወደ ላይ ይገፉታል፣ ቅጠል የማስፋቱ ሥራ ለጊዜው ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1926 ጃፓናዊው ተመራማሪ ኩሮሳዋ የሩዝ ችግኝን ያለ ልክ የሚያስረዝመው አንድ ፈንገስ የሚያመነጨው ነገር መሆኑን አሳየ፤ ጅብሬሊን የታወቀው ከዚያ ነው።

የእርሻ ተማሪ፦ እውነት ነው። ቅጠል ላይ ሴሎች እንዲከፋፈሉ የሚያደርገው ሳይቶካይኒን የሚባለው ሆርሞን ነው፣ ብዙው ሥር ውስጥ ተሠርቶ ከውሃ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፣ ናይትሮጅን ሲያገኝም ይጨምራል። ስለዚህ ሥሩን ጠባብ ዕቃ ውስጥ አታጨናንቀው።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ፀሐይ ላይ ላውጣው?

የጓሮ ሰው፦ ቀስ በቀስ፣ በአንዴ ከሆነ ይቃጠላል። የተመዘዘው ግንድ አያጥርም፣ አዲሱ ቅጠል ግን ሰፋ ብሎ ይወጣል። ስትተክለው ግንዱን ጠለቅ አድርገህ ቅበረው፤ በኦክሲን ምክንያት ቲማቲም ከግንዱም ሥር ያወጣል።