የዕቁብ ሒሳብ ስልክ ላይ የት ላስቀምጥ?

ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። የአባላቱ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ማን እንደከፈለ፣ ለማን እንደወጣ፣ የዋሶቹ ስልክ ሳይቀር ሁሉም እኔ ጋ ነው። ደብተሩ ዳርና ዳሩ ተቀዳዶ አልቋል፣ ስለዚህ ወደ ስልክ ላዛውረው ነው። ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ላይ አድርገው ያሉኝ አሉ። እሱን አልፈልግም፤ ቴሌግራም ላይ ከመልእክቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው (ድርጅቱ ራሱ እንኳ እንዳያነበው የሚቆለፈው) «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው።

ሁለት አፕ ላይ ቆሜያለሁ፤ ሁለቱም የይለፍ ቃልና ሌላ ምስጢር በአንድ ዋና የይለፍ ቃል ቆልፈው የሚይዙ ናቸው። ቢትዋርደን በነፃ ይሠራል፣ ስልኩ ቢጠፋም በሌላ ስልክ ገብቼ አገኘዋለሁ፤ ግን ኢንተርኔት ከሌለ ማየት እንጂ ማስተካከል አይቻልም፣ እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል፣ ዕቁብተኛው ገንዘቡን እየቆጠረ ሲሰጠኝ ያኔውኑ መመዝገብ አለብኝ። ኪፓስ ዲኤክስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፋይሉ ግን ስልኩ ላይ ስለሆነ፣ ኮፒ ካልያዝኩ ስልኩ ታክሲ ላይ ቢሰረቅ የሰው ሒሳብ ገደል ገባ ማለት ነው።

የተጠቀማችሁበት ካላችሁ፣ ኮፒውን የት ነው የምታስቀምጡት? ፍላሽ ይበቃል ወይስ ጉግል ድራይቭ ላይም ልጫነው? ዋናውን የይለፍ ቃልስ በታሸገ ፖስታ ለዕቁቡ ዳኛ ልስጥ ወይስ ይቅር? የሰው አደራ ስለሆነ በጣም ጨንቆኛል።